ጉግልም ደላላ ነው



ማኅበራችን የራሱ ድረ ገጽ ይኑረው ወይስ አይኑረው የሚለው ጥያቄ ከተነሣ ሰነባበተ። ገሚሶቻችሁ «ዋትስአፕ አለን፣ ቴሌግራም አለን፣ ቲክቶክ ላይ ላይቭ እንገባለን፤ ድረ ገጽ ደግሞ ለምናችን ነው? ማን ገብቶ ሊያነበው?» ትላላችሁ። እውነት የሌለበት ንግግር አይደለም። እኔ ግን ያስፈልገናል ከሚሉት ወገን ነኝ። ድረ ገጽ መኖሩ ያስከብረናል ብዬ አይደለም። አንዲት እህታችን ሌሊት፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ፣ ስልኳን ከፍታ የቸገራትን ነገር ጉግል ላይ ስትጽፍ ማን ነው የሚመልስላት? የእኔ ጭንቀት ይሄ ነው። መልሱን ለማግኘት ደግሞ ጉግል ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ልጀምር።

ደላላ ምን እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ብዙዎቻችን እዚህ የደረስነው በደላላ እጅ ነው። ቤቱ የደላላው አይደለም፤ ደመወዙን የሚከፍለው እሱ አይደለም፤ ሥራውንም የሚሠራው እሱ አይደለም። የእሱ ሥራ ማገናኘት ነው፤ የሚበላውም ከማገናኘቱ ነው። ጉግልም እንደዚያው ነው። የሚያሳየንን ገጽ እሱ አልጻፈውም፣ የሚያስተዋውቀውን ዕቃ እሱ አይሸጥም። ጠያቂን ከመላሽ ያገናኛል፣ ከዚያም ኮሚሽኑን ይበላል። አታላይ ነው ማለቴ አይደለም፤ እኔም በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። ግን ደላላ መሆኑን የማያውቅ ሰው፣ ደላላው መጀመሪያ የጠራለትን ስም እውነተኛ ስም ያደርገዋል።

ቀረፋው የት ነው?

ጉግል ላይ አንድ ቃል ጽፈን ስንጫን፣ ማሽኑ በዚያች ቅጽበት ተነሥቶ በዓለም ላይ ያለውን ገጽ ሁሉ ዞሮ የሚፈልግልን ይመስለናል። አይደለም። እንደዚያ ቢሆን መልሱ በዓመቱም አይደርሰን። በራሳችን ሥራ ላስረዳው። ማዳም ሳሎን ተቀምጣ «ቀረፋው የት ነው?» ብላ ስትጣራ ቤቱን ሁሉ አንበረብርም። የትኛው መደርደሪያ፣ ስንተኛው ብልቃጥ እንደሆነ እናውቃለን። ለምን? ቀድመን አይተን፣ ለይተን ስላስቀመጥነው ነው። ጉግልም የሚመልሰው ቀድሞ ካደራጀው መዝገብ ነው።

ይህን መዝገብ ለማደራጀት ሦስት ነገር ይሠራል። የመጀመሪያው መዞር ነው። ቀን ከሌት የሚዞሩ ፕሮግራሞች አሉት፤ ፈረንጆቹ ሸረሪት ይሏቸዋል፣ በድሩ ላይ ስለሚሄዱ። ሸረሪቷ አንድ ገጽ ትከፍታለች፣ ታነባለች፣ እዚያ ላይ ወደ ሌላ ገጽ የሚያሻግር ሊንክ ካገኘች ትከተላለች፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው። አዲስ አገር የመጣ ሰው ከአንዱ አበሻ ስለ ሌላው እየጠየቀ ሰፈሩን እንደሚያውቅ ማለት ነው። ማንም ሊንክ ያላደረገለት፣ ባለቤቱም «እዚህ አለሁ» ብሎ ለጉግል ያላስታወቀው ገጽ ግን በሩ ሳይንኳኳ ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛው መመዝገብ ነው። ሸረሪቷ ያነበበችው ገጽ በቃል በቃሉ ይመዘገባል። በአንዳንድ መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ቃሉን ከነገጽ ቁጥሩ የያዘ ማውጫ አይታችሁ ይሆናል። የጉግል መዝገብ እንደዚያ ያለ፣ ግን ስፋቱ የትየለሌ የሆነ ማውጫ ነው፤ «ደመወዝ» የሚለው ቃል የትኞቹ ገጾች ላይ አለ፣ «ፓስፖርት» የሚለው የትኞቹ ላይ አለ እያለ ይይዛል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። መዝገቡ ላይ የሌለ ገጽ፣ ምንም ያህል እውነት ቢይዝ፣ በጉግል ለሚፈልግ ሰው የለም።

ሦስተኛው ደረጃ መስጠት ነው። አንድ ቃል ሺህ ገጽ ላይ ሊኖር ይችላል፤ የትኛው ከላይ ይቀመጥ? ጭቅጭቁ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከጉግል በፊትም መፈለጊያዎች ነበሩ። ያሁ በ1994 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ሰዎች ድረ ገጾችን በእጃቸው እየመረጡ በየርዕሱ የሚደረድሩበት ማውጫ ነበር። በ1995 አልታቪስታ መጣ፤ እሱ በማሽን የሚፈልግ ነበር። የዚያ ዘመን ማሽኖች ግን በአብዛኛው የሚመለከቱት ገጹ ላይ የተጻፈውን ቃል ነው። ስለዚህ አንድን ቃል ገጹ ላይ መቶ ጊዜ የደረደረ ተንኮለኛ ከላይ ሊወጣ ይችል ነበር። በ1998 ጉግልን የመሠረቱት ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን፣ ሁለቱም የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ሌላ ዘዴ ይዘው መጡ። ገጹ ስለ ራሱ የሚለውን ብቻ ሳይሆን ሌሎች ስለ እሱ የሚሉትን እንቁጠር አሉ። ከሌላ ገጽ የመጣ ሊንክ ሁሉ እንደ ምስክር ይቆጠራል። ምስክሩ ራሱ ብዙ ምስክር ያለው ከሆነ ቃሉ የበለጠ ይከብዳል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው እንዴ? ቤት ልንቀይር ስንል ምን እናደርጋለን? አሠሪዋ ስለ ራሷ የምትለውን ሰምተን ብቻ አንገባም። እዚያ ሠርታ የወጣችውን እንፈልጋለን። አሥር ዓመት የኖረች፣ ሁሉም የሚያምናት እህት «ደህና ሰዎች ናቸው» ካለች፣ ትናንት ከመጣች ልጅ ቃል በላይ ይመዝናል። የጉግል የመጀመሪያ ብልኃት ይኸው ነበር። ዛሬ ከዚህ ሌላ ብዙ ነገር ይመዝናል፤ ጠያቂው የት አገር እንዳለ፣ በምን ቋንቋ እንደጻፈ፣ ገጹ መቼ እንደታደሰ፣ በስልክ ላይ ቶሎ ይከፈት እንደሆነ። ሙሉውን አሠራር ግን ለማንም አይነግርም። ቢነግር ሁሉም ወንፊቱን የሚያልፍበትን መንገድ ያበጅ ነበር።

ሂሳቡን የሚከፍለው ማን ነው?

እኛ ለመፈለግ አንከፍልም። ታዲያ ያ ሁሉ ሮቦት፣ ያ ሁሉ ኮምፒዩተር በምን ይተዳደራል? በማስታወቂያ ነው። ጉግል ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከፍለጋ ቃላት ጋር የሚወጣ የማስታወቂያ ቦታ ይሸጣል። አንድ ድርጅት «እንዲህ የሚል ቃል የጻፈ ሰው የእኔን ገጽ ከላይ ይይ» ብሎ ይጫረታል፤ ሰው ሲጫንለት ይከፍላል። ስለዚህ ስንፈልግ ከላይ የሚመጡት የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ብዙ ጊዜ የተከፈለባቸው ናቸው። ምልክት አላቸው፤ በእንግሊዝኛ «ስፖንሰርድ» የሚል ትንሽ ጽሑፍ። ትንሽ ስለሆነች ግን ዓይን ያልፋታል። የተከፈለበት ሁሉ ውሸት አይደለም። ከላይ የወጣው ግን ስለከፈለ ነው እንጂ ስለታመነ አይደለም።

ለድረ ገጽ ባለቤት ይህ ደረጃ የሞት የሽረት ጉዳይ ነው። ዶራ ዋናው መንገድ ላይ ያለች የአበሻ ሱቅና ከሕንፃ ጀርባ ምድር ቤት ውስጥ ያለች ሱቅ አንድ ዓይነት በርበሬ ቢሸጡ ገበያቸው እኩል ነው? አይደለም። ሰው እግሩ የጣለው ቦታ ይገዛል። ጉግል ላይም አብዛኛው ሰው ከመጀመሪያው ገጽ አያልፍም፤ ከዚያም ውስጥ የሚጫነው ከላይ ያሉትን ነው። ስለዚህ ገጽን ከላይ ማውጣት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ሰው የሚጽፈውን ቃል ያጠናሉ፣ ያንኑ ቃል በርዕሳቸው ያስገባሉ፣ ከሌሎች ገጾች ሊንክ ያሰባስባሉ። አንዳንዶቹ ሊንክ በገንዘብ ይገዛሉ፤ ጉግል ይህን ይከለክላል፣ ሲደርስባቸውም ከደረጃ ያወርዳቸዋል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። «ዱባይ የቤት ሥራ»፣ «ቪዛ በፍጥነት»፣ «ቤይሩት ሥራ» ብላ የምትጽፍ ልጅ አለች፤ ምናልባት ገና ደሴ ወይም ጅማ ናት። ይህን ቃል ማን ነው አጥንቶ፣ ገጽ ሠርቶ የሚጠብቃት? ሰው በመላክ የሚያተርፈው ነው። እሱ ለመጻፍ ምክንያት አለው፣ ለመክፈልም ገንዘብ አለው። «የቪዛ ክፍያና የደርሶ መልስ ትኬት የአሠሪው ግዴታ ነው፤ የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 እንዲህ ይላል» ብሎ በቀላል አማርኛ ጽፎ የሚጠብቃት ግን ማነው? ይህን የምናውቀው እኛ ነን። አልጻፍንም።

አማርኛችንና ማሽኑ

እዚህ ላይ የቋንቋችን ነገር ይመጣል። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት አማርኛ በኮምፒዩተር የሚጻፈው እያንዳንዱ ድርጅት በየራሱ ባበጀው ፊደል ነበር፤ ለሰው ዓይን አማርኛ ቢመስልም ማሽኑ የሚያየው ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ነበር። እንግሊዝኛው ቀድሞ ተጉዟል። ዛሬም በአማርኛ የተጻፈው ገጽ ከእንግሊዝኛውና ከአረብኛው ጋር ሲነጻጸር እፍኝ ነው።

ሁለተኛ፣ አጻጻፋችን ብዙ መልክ አለው። አንዷ «ደመወዝ» ትላለች፣ ሌላዋ «ደሞዝ»። አንዷ «ሥራ»፣ ሌላዋ «ስራ»። «ኢቃማ» የምትል አለች፣ «ኢካማ» የምትል አለች፣ «ወረቀት» ብቻ የምትልም አለች። ለጆሯችን አንድ ነው፤ ለማሽኑ ግን ፊደሉ ከተለየ ቃሉ ሊለይበት ይችላል። በዚያ ላይ አማርኛ ቃሉን ከፊትም ከኋላም ይቀጥላል። «ደመወዜን» ብንል ሦስት ነገር በአንድ ቃል ውስጥ ገብቷል፤ ደመወዙ፣ የእኔ መሆኑ፣ እሱን ማለቴ። «ለደመወዜም» ስንል ደግሞ ሌላ ይጨመራል። ለእንግሊዝኛ የተሠራውን ያህል ማሽኑ እነዚህን እየፈታ እንዲያነብ ለአማርኛ አልተደከመለትም። ብዙዎቻችን ደግሞ ስልኩ ላይ የአማርኛ ፊደል መጫን እየሰለቸን በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ እንጽፋለን፤ እሱ ጭራሽ ሌላ መዝገብ ነው።

ሦስተኛ፣ ጽሑፋችንን ፎቶ እናደርገዋለን። አንድ ጥሩ ማስታወቂያ ሠርተን፣ ጽሑፉን አበባ ላይ አስቀምጠን በምስል እንለጥፋለን። ለሰው ያምራል። ማሽኑ ግን በቀላሉ የሚያነበው በፊደል የተጻፈውን ነው፤ በፎቶ ውስጥ ያለን አማርኛ አንብቦ ይመዘግብልናል ብለን መተማመን አንችልም።

«ጉግል ራሱ ይተረጉማል እኮ» የምትሉኝ አላችሁ። እውነት ነው፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማርኛን ይተረጉማል። ጥሩ ረዳት ነው። ሆኖም ተርጓሚ የሌለ ጽሑፍ አይፈጥርም። የእኛን ጥያቄ በእኛ ልክ የመለሰ ሰው ከሌለ የሚተረጎም ነገርም የለም።

ዕውቀታችን ያለው የት ነው?

እስቲ ተመልከቱ። የማኅበራችን ዋትስአፕ ውስጥ ስንት ዓመት ሙሉ የተከማቸ ነገር አለ! ሊሴ ፓሴ ለማውጣት ምን ምን ይዞ መሄድ እንደሚያስፈልግ፣ ደመወዝ ሲዘገይ መጀመሪያ ማንን መጠየቅ እንደሚሻል፣ ታማ ለተኛች እህት ምን እንደተደረገላት። ያለው ግን በድምፅ መልእክት፣ በተዘጋ ግሩፕ ውስጥ ነው። ዋትስአፕ ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው ተቆልፏል፤ መቆለፉ ለደኅንነታችን መልካም ነው፤ ግን የጉግል ሸረሪትም አትገባም። የተዘጋ የፌስቡክ ግሩፕም ያው ነው። የቲክቶክ ላይቭ ደግሞ ሲያልቅ አለቀ። ግሩፑ ውስጥ የገባችው ታውቃለች። ያልገባችው፣ ማለትም ይበልጥ የሚያስፈልጋት፣ አታውቅም። ሊንኩን የሚልክላት ሰው የላትም፤ ያላት ጉግል ብቻ ነው። «ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይሉ የለ? በጉግል ዓለም ደግሞ ባለመጻፍ ደረጃ ብቻ ሳይሆን ሰውም ይቀራል።

ሌላም ነገር መጥቷል። ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጉግል በብዙ አገሮች ከዝርዝሩ በላይ በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ራሱ ያዘጋጀውን አጭር መልስ ያስቀምጣል። ይህ መልስ የሚቀዳው ያው ሰዎች ከጻፉት ገጽ ነው፤ አንዳንዴም ይሳሳታል። ሰው መልሱን አንብቦ ስለሚሄድ የድረ ገጽ ባለቤቶች «ጽሑፋችንን ወስዶ አንባቢያችንን አስቀረብን» እያሉ ያማርራሉ። ለእኛ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። በአማርኛ የተጻፈው አብዛኛው የደላላ ማስታወቂያና ወሬ ከሆነ ማሽኑ ከዚያው ቀድቶ ነው የሚመልሰው። ከየት ሌላ ያመጣል?

የአገር ስም ያልያዘ መልስ

አንድ ምሳሌ ልስጥ፤ ጉዳቱ የቱ ጋ እንደሆነ ያሳያልና። «የቤት ሠራተኛ የዕረፍት ቀን ሕግ» ብላችሁ ፈልጉ። ኩዌት በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሕግ ቁጥር 68 ሳምንታዊ የዕረፍት ቀንና የዓመት ፈቃድ ለቤት ሠራተኛ ይሰጣል። ኤምሬትስም በ2022 የወጣ የቤት ሠራተኞች ሕግ አላት፤ ሳምንታዊ ዕረፍት እሱም ላይ አለ። እዚህ ሊባኖስ ግን የ1946ቱ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ አድርጓል፤ የምንያዘው በኮንትራታችንና በካፋላ ነው። እንግዲህ ቤይሩት ያለች እህት የኩዌቱን ሕግ አንብባ «ሕጉ ይሰጠኛል» ብላ ከማዳም ጋር ብትከራከር ምን ይከተላል? ኩዌት ያለችው ደግሞ ስለ ሊባኖስ የተጻፈውን አንብባ «መብት የለንም» ብላ ብትቀመጥ? ማሽኑ ሁለቱን ጎን ለጎን ያቀርባል፤ ለማን የቱ እንደሚሠራ የሚለይላት የሚያውቅ ሰው የጻፈው ገጽ ነው።

ለተቃወማችሁ

«ብዙ እህቶቻችን ማንበብ አይችሉም» ላላችሁት፤ እውነት ነው፤ እንዳትረሱትም እፈልጋለሁ። ነገር ግን ማንበብ የማትችለውም የምትጠይቀው የምታነበዋን ነው። አንዷ ታነባለች፣ ለአምስት ትናገራለች፤ እስከ ዛሬም የኖርነው እንደዚያ ነው። ደግሞ ገጹ ላይ ከጽሑፉ ሥር ያንኑ በድምፅ ቀድቶ ማስቀመጥ ይቻላል። ጽሑፉ ለሸረሪቷ፣ ድምፁ ለእህታችን።

«ማዳምም ፖሊስም ደላላም ያነበዋል» ላላችሁት፤ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ እኔም ይፈራኛል። ስለዚህ መለየት አለብን። ሕግ፣ የኤምባሲ አሠራር፣ የኮንትራት ጉዳይ በግልጽ ይጻፍ፤ ማንም ቢያነበው አይጎዳንም። የሰው ስም፣ ፎቶ፣ እህቶች የሚጠለሉበት ቤት አድራሻ፣ የግል ታሪክ ግን በምንም ዓይነት አይወጣም። «ለሮቦት አትግቢ የሚል ትእዛዝ ገጹ ላይ ማድረግ ይቻላል» የሚሉ አሉ። ይቻላል፤ ግን እሱ በር ላይ የተለጠፈ «አትግቡ» የሚል ወረቀት ነው እንጂ ቁልፍ አይደለም። ጨዋው ሮቦት ያከብረዋል፣ ሌባው ያልፈዋል። መደበቅ ያለበት ነገር ኢንተርኔት ላይ ጭራሽ አይውጣ።

«ገንዘቡስ?» ላላችሁት፤ የድረ ገጽ ስም ኪራይ ብዙ ጊዜ በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ገደማ ነው፤ ለጀማሪ ነፃ የገጽ ማስቀመጫም አለ። ለማስታወቂያ ከደላሎች ጋር ተጫርተን አንችልም፤ አንሞክርም። እኛ ያለን ሀብት ምስክር ነው። ሌሎች የስደተኛ ሠራተኞች ማኅበራት፣ የፊሊፒኖዎቹም የስሪላንካዎቹም፣ በየአገሩ ያሉ የአበሻ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ማኅበራት፣ ገጻችንን በገጻቸው ላይ ሊንክ ቢያደርጉልን፣ እኛም የእነሱን ብናደርግ፣ ይህ በገንዘብ የማይገዛ ምስክርነት ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት ለድረ ገጽ የተተረተ ይመስላል።

እስከዚያው ስትፈልጉ

ገጹ እስኪኖረን ድረስ መፈለጋችን አይቀርም። እንግዲህ ስትፈልጉ፣ ከላይ ያለውን ከመጫናችሁ በፊት የማስታወቂያ ምልክት እንዳለው እዩ። ሁልጊዜ ያላችሁበትን አገር ስም ጨምሩ። ቃሉን በሁለት በሦስት አጻጻፍ ሞክሩ፤ በአማርኛ ካልመጣ በአረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ አስተርጉሙት። ገጹ የመንግሥት ነኝ ካለ አድራሻውን ተመልከቱ፤ የመንግሥት አድራሻ ብዙ ጊዜ «ጎቭ» የሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉበት። መቼ እንደተጻፈ እዩ፤ የአምስት ዓመት የኢቃማ መመሪያ ዛሬ ላይሠራ ይችላል። የፓስፖርት ፎቶ ወይም ገንዘብ ቀድማችሁ ላኩ የሚላችሁን ገጽ ግን ከደረጃው ጋር ሳትከራከሩ ዝጉት።

ስልካችሁን ሌላ ሰው የሚከፍትባችሁ ከሆነ የፈለጋችሁትን ከታሪክ መዝገቡ ላይ አጥፉ። ኢንኮግኒቶ የሚባለው ፍለጋችሁ ስልኩ ላይ እንዳይቀመጥ ያደርጋል፤ የቤቱ ዋይፋይ ባለቤት ግን የትኛውን ድረ ገጽ እንደከፈታችሁ ከማወቅ አያግደውም። ይህንን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ንገሩ።

የምጠይቃችሁ

የኔ ሐሳብ ትልቅ ድረ ገጽ ይሠራ የሚል አይደለም። በአሥር ጥያቄ እንጀምር። እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው አንድ ገጽ ይሁን። ርዕሱ እኛ ጉግል ላይ እንደምንጽፈው ይጻፍ፤ «ፓስፖርቴ አሠሪዬ ጋ ነው ምን ላድርግ»፣ «ደሞዝ ለሦስት ወር አልከፈሉኝም»፣ «ወረቀት የሌለው ሰው እንዴት አገሩ ይገባል»። የጋዜጣ አማርኛ አያስፈልግም፤ ማሽኑ የሚያገናኘው ጠያቂዋ የጻፈችውን ቃል ነውና። ውስጡ ላይ «ደመወዝ»ም «ደሞዝ»ም ይግባ። የየትኛው አገር እንደሆነና የተጻፈበት ቀን ከላይ ይቀመጥ። ጉዳዩን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ሳያነቡት አይውጣ፤ አሠራር ሲቀየር ይታደስ። ሊያድሰው የሚችል ሰው ካልተገኘ ደግሞ ይውረድ፤ ያረጀ መልስ ከዝምታ የባሰ ይጎዳል።

ስለዚህ ይህን ካነበባችሁ በኋላ አንድ ነገር አድርጉልኝ። እዚህ አገር በመጣችሁ በመጀመሪያው ዓመት ከሁሉ በላይ ማወቅ የፈለጋችሁት ነገር ምን ነበር? ያንን ጥያቄ፣ ያኔ በምትጽፉት ወይም በምትናገሩት አማርኛ፣ ለማኅበሩ ላኩ። በድምፅም ይሁን፤ ጸሐፊዎቹ ወደ ጽሑፍ እንገለብጠዋለን። ስማችሁ አይወጣም። ከሚመጡት ውስጥ ብዙ ሰው የጠየቃቸውን አሥሩን መርጠን መልስ መጻፍ እንጀምራለን። ደሴ ወይም ጅማ ሆና «ቤይሩት ሥራ» ብላ የምትጽፈው ልጅ ደላላው ገጽ ላይ ከመድረሷ በፊት እኛን ታገኝ።